«የት ጠፋህ?» ሲሏችሁ

ውድ ታናናሾቼ፣

በአራዳ ጊዮርጊስ፣ በበዓታ፣ በእስጢፋኖስ ወይም በኡራኤል ግቢ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት አድጋችሁ አሁን ወደዚያ መሄድ ለከበዳችሁ ነው የምጽፈው። በቸርች ኳየር ወይም በመስጊድ ጀመዓ ያደጋችሁም ስሙን እየለወጣችሁ አንብቡት፤ ጉዳዩ ብዙ አይለይም።

መጀመሪያ ሰዎቹ የተቀበሉት ምናችሁን እንደሆነ ለዩ። ሦስት እሑድ ስትቀሩ የሚደወለውን ስልክ ልብ ብላችሁ ስሙት። «ለበዓሉ ጥናት ሰው ጎደለን፣ ከበሮ የሚይዝ የለም» የሚል ከሆነ የተፈለገው አገልግሎታችሁ ነው። «አሞህ ነው እንዴ? እማማስ ደህና ናቸው?» የሚል የፈለገው እናንተን ነው። በመጀመሪያው ስልክም ነውር የለበትም፤ ከበሮው በእውነት ሰው ይፈልጋል። ችግሩ አንዱን ስልክ እንደ ሌላው ቆጥራችሁ ዓመታት ስትኖሩና አገልግሎቱን ባቆማችሁ ማግስት ዝምታው ሲያስደነግጣችሁ ነው። በየትኛውም ግቢ ሁለተኛውን ስልክ የሚደውል ሁለት ሦስት ሰው አይጠፋም። እነሱን ያዙ፤ ብትወጡም አትልቀቋቸው።

«ግብዝ» የሚለውን ቃል ደግሞ አታባክኑት። ሁዳዴን 55ቱንም ቀን ጾሞ ጥግ ይዞ ሲያጨስ ያያችሁት የመዝሙር አስጠኚ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ነው። የሚደብቀው ቢታወቅ እንደሚባረር ስለሚያውቅ ነው። ጥፋቱን የሚናገር ሰው መቀመጫ በማያገኝበት ቤት ሁሉም መደበቅን ይለምዳል። ቃሉ የሚገባው ሚዛኑ ለሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ሲሆን ነው። ሳታገባ ያረገዘችው ልጅ የመዘምራን ልብሷን መልሳ ከክፍሉ ትወጣለች፤ ያስረገዛት ልጅ በሳምንቱ እዚያው ሰልፍ ላይ ቆሞ ይዘምራል። ማቴዎስ 23 የሚወቅሰውም ይህንኑ ነው፤ ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት እያወጡ ፍርድንና ምሕረትን የተዉትን። ሥጋ ጾሞ ሰው መብላት የምንለውም ከዚያው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ በቃል የተነገረን እገዳ እንደ ውሳኔ አትቁጠሩት። ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ስብሰባ እንደወሰነ ጠይቁ፤ ቃለ ጉባኤ ካለ ይነበብላችሁ። ቀኑንና የተባለውን ቃል በዚያው ማታ ጻፉ፤ በወሩ ማንም በትክክል አያስታውሰውም። ከዚያ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ የክፍሉ ኃላፊ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት፣ ሰበካ ጉባኤው፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ካልሆነም የክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያዋቀረው ስለሆነ ወንበሩ ላይ የእናንተም ተወካይ አለ። ብዙ ወጣት ይህን አያውቅም፣ ተወካዩም አያስታውስም። ስትሄዱ አንድ የተከበረ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ አሥር ሆናችሁ ከሄዳችሁ ግን አድማ ይባላል።

ነገሩ የሚበላሸው ባብዛኛው በቴሌግራም ነው። ሌሊት በንዴት የተጻፈ ነገር ሲነጋ ርእሱን ይቀይራል፤ የልጅቷ ጉዳይ ይቀርና ክርክሩ «የቤቱን ገመና ለምን አደባባይ አወጣችሁ» ይሆናል።

አቤቱታን ለንስሐ አባት በኑዛዜ መናገርም ሌላ ስሕተት ነው። የሰሙትን ማውጣት ስለማይችሉ ነገሩ እሳቸው ዘንድ ታሽጎ ይቀራል። ለራሳችሁ ነፍስ የሚሆነውን ለእሳቸው ንገሩ፤ የአስተዳደሩን ጉዳይ ለአስተዳደሩ።

በልጅ ላይ የደረሰ ጥቃት ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እሱ ወንጀል ነው፤ በሽማግሌም በይቅርታም አይዘጋም። ጥቃቱ ወሲባዊ ከሆነ ገላ ሳይታጠብ፣ ልብስም ሳይታጠብ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። መሐል ከተማ ያለው ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለእንዲህ ዓይነት ጉዳት የተዘጋጀ ማዕከል አለው። «መጀመሪያ ለአባቶች እንንገር» የሚል ሰው ሰዓቱን እያቃጠለባችሁ ነው።

መውጣት ከወሰናችሁ በንዴት ቀን አትውጡ። ቁልፍ፣ ደረሰኝ፣ የተረፈ ገንዘብ በእጃችሁ ካለ ተፈራርማችሁ አስረክቡና አንድ ቅጂ ያዙ። ያለ ርክክብ የወጣ ሰው ላይ የጎደለው ሁሉ ይለጠፋል። የመዘምራኑንም ልብስ አጥባችሁና ተኩሳችሁ መልሱ። ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ተነሥታችሁ ገላን የገባችሁ ርቀቱን ሰበብ ለማድረግ ትፈተናላችሁ። ሰበቡ የሚሠራው እናታችሁ በሁለት ታክሲ መጥተው ሲያስቀድሱ እስኪታዩ ድረስ ብቻ ነው። ከዕድር ግን አትውጡ፤ ከመዘምራኑ የቀረን ሰው ጊዜ ይረሳዋል፣ ከለቅሶ የቀረን አይረሳም።

ወጣቶች የሚረሱት እናትን ነው። «ልጅሽ የት ጠፋ?» ተብለው ቅጽሩ ሥር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ የወር ማኅበራቸውም እዚያው ነው። በፍልሰታ ወይም በበዓል ዋዜማ አትንገሯቸው። በተራ ቀን፣ ቡና ላይ፣ ሌላ ሰው በሌለበት ንገሯቸው። ምን ብለው እንደሚመልሱም አብራችሁ ተስማሙ፤ ያለዚያ በገዛ ደጃቸው ለመዋሸት ይገደዳሉ። «ከአገልግሎት ዐርፏል፣ ደህና ነው፣ ሰላምታሽን እነግረዋለሁ» ቢሉ ይበቃል። ሰላምታውንም ማታ ሲነግሯችሁ ተቀበሉ።