የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የ«ታይታኒክ» ዘፈን፣ በማን ድምፅ? በየትኛው ቅጂ?

የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ስለ አንድ ዘፈን ናቸው፤ በ1997 ስለወጣው የ«ታይታኒክ» ፊልም መዝጊያ ዜማ፣ «ማይ ሃርት ዊል ጎ ኦን»። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፊልሙ መሃል ላይ ቃል የሌለው የሴት ድምፅ ይሰማል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሴሊን ዲዮን ትዘፍናለች። ከእህቴ ጋር ተከራክረናል፤ ሁለቱም አንድ ሰው ናት? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይደለችም። መሃል ላይ የምትሰሟት ኖርዌያዊቷ ሲሰል ናት። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ጀምስ ሆርነር ድምፅዋን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ነው የተጠቀመበት፤ ለዚህም ነው ግጥም ያልተሰጣት። ሴሊን የምትገባው ታሪኩ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መውጣት ሲጀምር ነው።

ክርክሩን ለመጨረስ ከሳውንድትራኩ (ከፊልሙ የሙዚቃ አልበም) ላይ «ሮዝ» የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። ዜማው ያው የዘፈኑ ዜማ ነው፤ ድምፁ ግን ቀጥ ያለ፣ ብዙም የማይርገበገብ፣ ከኦርኬስትራው ጋር የተዋሃደ ነው። ወዲያው የሴሊንን የመጀመሪያ ስንኝ ያስከትሉ። ትንፋሽ የተቀላቀለበት፣ ማይኩ ከንፈሯ ላይ ያለ የሚመስል፣ በቃላቱ ጫፍ ላይ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። ይህን አንዴ የለየ ጆሮ ሁለተኛ አይሳሳትም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያንኑ ዘፈን በሦስት ዓይነት አግኝቼዋለሁ። አንዱ 5፡11፣ ሌላው 4፡40 ነው፤ ሦስተኛው ውስጥ ደግሞ የፊልሙ ተዋናዮች ያወራሉ። ዋናው የቱ ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ 5 ደቂቃ ከ11 ሰከንዱ የፊልሙ ሳውንድትራክ ላይ ያለው ነው። 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንዱ «ሌትስ ቶክ አባውት ላቭ» ከተባለው የሴሊን አልበም የመጣ ነው። ሁለቱም የወጡት በኅዳር 1997 ስለሆነ «ዋናውና ቅጂው» ብሎ መለየት አይቻልም። ንግግር ያለበት የኋላ ሥራ ነው፤ በ1998 በወጣው «ባክ ቱ ታይታኒክ» ላይ ይገኛል። የፊልሙን ትዝታ ለሚፈልግ ጥሩ ነው፤ ዘፋኝነትን ለማነጻጸር ግን አይሆንም፤ ንግግሩ የሚገባው ድምፁን ልትሰሙ በምትፈልጉበት ቦታ ላይ ነውና።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ዳይሬክተሩ ጀምስ ካሜሮን ፊልሙ ዘፈን እንዲኖረው አልፈለገም ነበር። ሆርነር ግን ከገጣሚው ዊል ጄኒንግስ ጋር ሆኖ በምስጢር ሠራው፤ ሴሊንም ለናሙና (ለዴሞ) ያህል ብቻ ቀዳችው። በኋላ ሁላችንም የለመድነው ድምፅ ያ ዴሞ ላይ የተቀዳው ነው፤ ሙዚቃው ነው በዙሪያው የተገነባው። የመጀመሪያው ስንኝ ያልተጠበበበት፣ ለራስ የሚባል የሚመስለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ኢንተርኔት ላይ ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ የተነካካ ቅጂም ይጫናል። ለማጣራት ኪቦርድ ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው አዝማች ከሲ ሻርፕ ማይነር ኮርድ (አብረው ከሚመቱ ድምፆች) መነሳት አለበት። በዲ ማይነር ከተነሳ ተፋጥኗል ወይም ኪው (ዘፈኑ የተመሠረተበት የድምፅ ከፍታ) ተነክቷል ማለት ነው፤ ለልምምድም ለንጽጽርም አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ እዘፍናለሁ። ይህን ዘፈን በየጊዜው ይጠይቁኛል። እስከ ሁለተኛው አዝማች ጥሩ እሄድና የመጨረሻው ላይ ድምፄ ይሰነጠቃል። ካራኦኬውን ሁለት ዝቅ ሳደርገው ደግሞ መጀመሪያው አይሰማም። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ችግሩ ድምፅዎ ላይ ብቻ አይደለም፤ የዘፈኑ አሠራር ራሱ ነው። በኪቦርድ አቆጣጠር መካከለኛውን ሲ «ሲ4» ብለን እንነሳ። ዘፈኑ በኢ ሜጀር ይጀምራል፤ እስከ ሁለተኛው አዝማች ድረስ ድምፁ ከቢ3 እስከ ቢ4 ብቻ ነው የሚሄደው፤ ልክ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስሙ)። ከዚያ ሙዚቃው ብቻውን ትንሽ ይጫወትና ኪው በአንድ ጊዜ አራት ሴሚቶን (ሴሚቶን ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) ወደ ኤ ፍላት ሜጀር ይዘላል። ያው ዜማ አሁን ጫፉ ኢ ፍላት 5 ይሆናል። ብዙ ዘፋኝ ልምምዱን በመጀመሪያው አዝማች ለክቶ «ይመጣልኛል» ይልና እዚህ ይያዛል።

የሚሰነጠቅበትን ትክክለኛ ቦታም እንይ። አዝማቹ በሁለት ረጃጅም ድምፆች ይጀምራል። ሦስተኛው ቃል ላይ ዜማው ወደ ታች ይወርድና እዚያው ቃል ውስጥ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ይዘላል፤ መጀመሪያ ከቢ3 ወደ ቢ4፣ መጨረሻ ላይ ከኢ ፍላት 4 ወደ ኢ ፍላት 5። ዝቅተኛውን ድምፅ በደረት ጠንክረው ከያዙት፣ ያንኑ ክብደት ተሸክመው ነው ወደ ላይ የሚወጡት፤ ጉሮሮ የሚዘጋውም ያኔ ነው። ዝቅተኛዋን በስሱ ነክተው ይለፏት። አየሩን ለላይኛው ያቆዩ። ትንፋሽ የሚወስዱት ከዝላዩ በፊት ባለው ረጅም ድምፅ ማብቂያ ላይ ነው፤ ቃሉ መሃል ላይ አይደለም።

ኪ ለመምረጥ እንዲህ ያድርጉ። አፍዎን ከፍተው «አ» በሚል አናባቢ፣ ሳይጮኹ፣ ለአራት ምት መያዝ የሚችሉትን ከፍተኛ ድምፅ ኪቦርድ ላይ ይፈልጉ። ሲ5 ነው እንበል። ከኢ ፍላት 5 ሦስት ሴሚቶን ስለሚያንስ ትራንስፖዙን (ኪውን ከፍና ዝቅ ማድረጊያውን) −3 ያደርጉታል። ዘፈኑ በዲ ፍላት ይጀምርና በኤፍ ያልቃል፤ ዝቅተኛው ድምፅ ግን ኤ ፍላት 3 ይሆናል። የነገሩን «መጀመሪያው አይሰማም» የሚመጣው ከዚህ ነው። ካራኦኬ ሁሉንም አንድ ላይ ስለሚያወርድ ከዚህ ወጥመድ አያወጣዎትም።

ከባንድ ወይም ከኪቦርዲስት ጋር ከሠሩ ግን መላ አለው፤ ዝላዩን ከአራት ሴሚቶን ወደ ሁለት ዝቅ ያድርጉት። በኢ ፍላት ይጀምሩ፣ የመጨረሻውን አዝማች በኤፍ ይዝፈኑ። ዝቅተኛው ቢ ፍላት 3፣ ከፍተኛው ያው ሲ5 ይሆናል። ታች ሁለት ሴሚቶን አተረፉ፣ ላይ ምንም አልከፈሉም። ታዳሚው ኪው ከፍ ማለቱን ይሰማዋል፤ ስንት እንደወጣ የሚቆጥር የለም። በበኩላችን በተሰነጠቀ ድምፅ ከሚዘፈን ሙሉ ዝላይ ይህን እንመርጣለን።

ወንድ ከሆኑ ዜማውን አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገው ነው የሚይዙት። በመጀመሪያው ኪ ከቢ2 እስከ ኢ ፍላት 4 ይደርሳል፤ ለባሪቶን (ለመካከለኛ የወንድ ድምፅ) ይመቻል። ቴነር (ከፍተኛ የወንድ ድምፅ) ግን መጀመሪያው ላይ ይሰጥማል፤ +3 ቢያደርገው ከዲ3 እስከ ኤፍ ሻርፕ 4 ያገኛል።

ሌላው ስህተት ኪ መቀየሪያው ላይ ድምፅ ሳይቀበሉ መግባት ነው። የመጨረሻው አዝማች የመጀመሪያ ድምፅ ኤ ፍላት ነው። ኪቦርዲስቱ ከመግባትዎ በፊት የኢ ፍላት ኮርድ አንድ ሙሉ ባር እንዲይዝልዎ ያስማሙት (በሌላ ኪ ከዘፈኑ የዚያን ኪ አምስተኛ ኮርድ)። በጆሮዎ ከዚያ ላይ አራተኛውን ድምፅ ይፈልጉ፤ እሱ ነው መግቢያዎ።

ኤኮውንም ይቀንሱ። የአዳራሽ ሚክሰር ላይ ኤኮው ከተለቀቀ የመጀመሪያው ስንኝ ቃላት ይደራረባሉ፤ ይህ ዘፈን ደግሞ ሙሉ ኃይሉ የተሠራው በዝግታ ተጀምሮ በማደጉ ነው። ለስንኙ ማይኩን ሁለት ጣት ያህል ያስጠጉ፣ የመጨረሻው አዝማች ላይ አንድ ስንዝር ያርቁ።

ጥያቄ፦ ከሴሊን ሌላ ማንን ልስማ? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ሳራ ብራይትማን በ1998 «ኤደን» በተባለው አልበሟ ላይ በጣሊያንኛ ዘፍናዋለች፤ «ኢል ሚዮ ኩዎሬ ቫ» ይላል። ላይኛውን ድምፅ በኦፔራ ዘፋኝ አያያዝ፣ በጭንቅላት ድምፅ (ሄድ ቮይስ) ነው የምትወስደው። ስለዚህ ለሴሊን ጭንቅ የሆነው ከፍታ ለእሷ ማረፊያ ነው። ውብ ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው አዝማች ያለው ርቀት ይጠባል፤ የዘፈኑ ልብ ያ ርቀት ነው ብለን ስለምናምን የሴሊንን እናስቀድማለን። ኒው ፋውንድ ግሎሪ የተባለው ባንድ በ2000 በፈጣን ፓንክ ሮክ አውጥቶታል፤ ቫዮሊኑና ዝግታው ሲነሱ ዜማው ብቻውን መቆም እንደሚችል ያሳያል።

ከሁሉ በላይ ግን የሴሊንን የመድረክ ቅጂ ከስቱዲዮው ጋር ያነጻጽሩ። በ1999 የወጣው «ኦ ኩር ዱ ስታድ» ፓሪስ አጠገብ ባለው ስታድ ደ ፍራንስ ላይ የተቀዳ ነው። ሲያነጻጽሩ ሁለቱን በእኩል ድምፅ ያድርጉ፤ ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። ሙሉውን ከመስማት ሦስት ቦታ ብቻ ይምረጡ፦ የመጀመሪያውን ስንኝ፣ የኦክታቭ ዝላዩን፣ ኪው የሚቀየርበትን።

ጥያቄ፦ መግቢያውን በዋሽንት መጫወት ይቻላል? (ከጎንደር)

መልስ፦ እንደተጻፈው አይቻልም። ፊልሙ ላይ ቶኒ ሂኒጋን የተጫወተው ቲን ዊስል (ትንሽ የቆርቆሮ ዋሽንት) ስድስት ቀዳዳና ሰባት ድምፅ አለው። ዋሽንት በአራት ቀዳዳው የሚሰጠው አምስት ድምፅ ነው። በትዝታ ሜጀር ቢቃኙት አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ ይጎድላል፤ ዜማው ደግሞ ሁለቱንም ይፈልጋል። ቀዳዳ በግማሽ በመክፈት ሊያወጧቸው ይችላሉ፤ ይህ ግን በዝግታና በብዙ ልምምድ የሚሆን ነው።

ቲን ዊስል ካገኙ በብዛት የሚሸጠው የዲ ነው። ባንዱ ሁለት ሴሚቶን ይውረድልዎ፣ መግቢያውን በዲ ይጫወቱ። ኪው ከተቀየረ በኋላ ዘፈኑ ጂ ፍላት ላይ ስለሚገባ ያ ዊስል አይከተልም፤ መዝጊያውን ለኪቦርዱ ይተዉለት።