ኤርታ አሌ ሲፈስ ሌላው ለምን ይፈነዳል?

የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ኤርታ አሌ ለአሥርተ ዓመታት ሲንተከተክ ሌላው እሳተ ገሞራ ለምን በኃይል ይፈነዳል፣ አመድ ቢዘንብስ ከብቱ ምን ይሆናል።

ልዩነቱ የቅልጡ ዐለት ውፍረት ነው። የኤርታ አሌው ባዛልት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሲሊካው (አሸዋ ውስጥ የሚበዛው፣ ቅልጡን የሚያወፍረው ውህድ) 50 በመቶ ገደማ፣ ሙቀቱ ደግሞ ከ1100 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ስለሆነ ቀጭን ነው። በውስጡ የሟሟው የውሃ ትነት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የሰልፈር ጋዝ በቀላሉ ያመልጣል። ሲሊካው ከ70 በመቶ ሲያልፍ ግን ቅልጡ ይወፍራል፤ ጋዙ መውጫ ያጣና ታፍኖ ይቆያል። ወደ ላይ ሲቃረብ የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ በድንገት ተስፋፍቶ ቅልጡን ይበታትነዋል። አመድ የምንለው ያን ስብርባሪ ነው፦ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ የዐለትና የብርጭቆ ቅንጣት። የእንጨት አመድ አይደለም፣ ውሃም አያሟሟውም።

ከብት የሚገድለው በዋናነት አመዱ ላይ የሚለጠፈው ፍሎሪን የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል። በ1783 እ.ኤ.አ. አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከአገሪቱ እንስሳት ከግማሽ በላይ አለቁ፤ ረሃብም ተከተለ። ስለዚህ አመድ የነካውን ሣር አያስግጡ፣ የተከማቸ ድርቆሽ ይስጡ፣ የውሃ ገንዳውን ይክደኑ። የጣራ ውሃ የሚያጠራቅሙ ከሆነ አመዱ ሳይደርስ አሸንዳውን ከሮቶው ይንቀሉት።

ጣራው ላይ የተከመረውን ዝናብ ሳይቀድምዎ ይጥረጉ፤ 10 ሳንቲ ሜትር እርጥብ አመድ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል፣ ደካማ ጣራ ያፈርሳል። እንዳይቦን ጥቂት ውሃ ይርጩበት እንጂ አያርሱት፤ አፍና አፍንጫዎንም በጭምብል ይሸፍኑ።