«ክላውን በአካል አይቼ አላውቅም፤ ታዲያ በፊልም ሳየው ለምን እፈራለሁ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 34 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ሲሆን አሁን ከባለቤቴና ከአራት ዓመት ልጃችን ጋር በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ። አስፈሪ ፊልም ማየት አልጠላም፤ ፊቱን ነጭ ተቀብቶ ሰውን የሚያስቅ ክላውን የሚባለው ተጫዋች ብቅ ሲል ግን ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል፣ ክፍሉን ጥዬ እወጣለሁ። በልጅነቴ ክላውን በአካል አይቼ አላውቅም። ሰዎች ጭምብል በሚያጠልቁበት የሃሎዊን በዓል ሰሞን የክላውን ጭምብል በየሱቁ ስለሚሰቀል ልጄን ይዤ ገበያ መውጣት አቁሜያለሁ። ባለቤቴ ይስቅብኛል። ይህ ሕመም ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ፍርሃት የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልንገርዎ። በዌልስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባሳተሙት ጥናት ከ64 አገሮች የተውጣጡ 987 ሰዎችን ጠይቀው፣ 53.5 በመቶዎቹ ክላውንን ቢያንስ በመጠኑ እንደሚፈሩ፣ 5 በመቶዎቹ ደግሞ እጅግ አድርገው እንደሚፈሩ መልሰዋል። መላሾቹ መጠይቁን በፈቃዳቸው የሞሉ ስለሆኑ አኃዙን ለሕዝብ ሁሉ ማዋል አይገባም። ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ለፍርሃታቸው የሰጡት ምክንያት ነው፤ ጎልቶ የወጣው ቅቡ የሰውየውን እውነተኛ ስሜት ስለሚሰውር ነው የሚለው ሲሆን፣ ዝቅተኛውን ቦታ የያዘው «በአካል አጋጥሞኝ አስደንግጦኛል» የሚለው ነበር። ስለዚህ ክላውን ሳያጋጥምዎት መፍራትዎ እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩ ከፊት ንባብ ይጀምራል። ሰው ከልቡ ሲስቅ ሁለት የጡንቻ ክፍሎች አብረው ይሠራሉ፤ አንደኛው የከንፈርን ጠርዝ ወደ ላይ ይስባል፣ ሁለተኛው በዓይን ዙሪያ ያለውን ቆዳ ይሸበሽባል። ሁለተኛው በፈቃድ ብዙም የማይታዘዝ መሆኑን የፈረንሳዩ ሐኪም ዱሼን በ19ኛው መቶ ዘመን አሳይቷል። እኛም ሳናውቀው የሰውን ሳቅ እውነተኛነት ከዓይኑ አካባቢ እንለካለን። በክላውን ፊት ላይ ይህ ሁሉ ይፋለሳል፦ ቀዩ አፍ ሰውየው ቢቆጣም ቢያዝንም እንደሳቀ ይቀራል፣ ቅንድቡ በነጩ ቅብ ተሸፍኖ በሌላ ቦታ ተስሏል፣ የሚንቀሳቀሱት ዓይኖቹ ደግሞ ከአፉ ጋር የማይስማማ ነገር ይናገራሉ። አንጎል ግልጽ አደጋ ሲያይ ሽሽትን ያዛል፣ ደኅንነት ሲያይ ይረጋጋል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ሲያቅተው ግን በጥበቃ ላይ ይቆያል፣ ልብዎም የሚመታው ያኔ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናት የተጠያቂዎቹን አስተያየት ሰብስቦ፣ ከሥራ ዓይነቶች ሁሉ ሰውን ይበልጥ የሚያስበረግገው የክላውን ሥራ ሆኖ ማግኘቱም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

የአስፈሪ ፊልም ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ክላውኑን በፀጥታ፣ ከሩቅ፣ ሳይንቀሳቀስ ያቆሙታል፤ ከዚያም ካሜራው ፊቱን አቅርቦ ረዘም ላለ ጊዜ ያሳየናል፣ የልጆች ዜማ ከፍጥነቱ ቀንሶ ይሰማል፣ በመጨረሻ ድንገተኛ ድምፅ ይመጣል። ድምፁ የሚያስደነግጠው ማንንም ሰው ነው፤ ከፊልሙ በኋላ አብሮን ወደ ቤት የሚገባው ግን ያ ዝም ያለ ፊት ነው ብዬ አምናለሁ። በተጨማሪም በቺካጎ አካባቢ 33 ሰዎችን በመግደል እ.ኤ.አ. በ1980 የተፈረደበት ጆን ዌይን ጌሲ የክላውን ልብስ ለብሶ በልጆች ድግስ ላይ ይገኝ እንደነበር መታወቁ፣ በአሜሪካውያን አእምሮ ክፉውን ክላውን ከልቦለድ አውጥቶ ወደ እውነተኛው ዓለም አስገብቶታል። ፍርሃትን ደግሞ የሌሎችን ፊትና ፊልም በማየት ብቻ መማር ይቻላል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመለስ፣ በፊልም ላይ መደንገጥ ብቻውን ሕመም አይባልም። ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ከአደጋው ጋር የማይመጣጠን ሲሆን፣ የዕለት ኑሮን ሲያውክ ግን ፎቢያ እንለዋለን። ፊልሙን መተውዎ አያሳስበኝም፤ ገበያ መውጣት ማቆምዎ ግን ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም በሸሹ ቁጥር የሚያገኙት እፎይታ አንጎልዎን «መሸሼ አዳነኝ» ብሎ ያስተምረዋል። ይህ ሁኔታ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ፤ የልብ ምቱ ያለ ምክንያትም የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ የቤተሰብ ሐኪምዎ ይመርምርዎ፣ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም እንዲህ ያደርጋልና።

ሕክምናው የሚፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ ነው፣ ውጤቱም ጥሩ ነው። ባለሙያው በእርሳስ ከተሳለ ክላውን ሊያስጀምርዎ፣ ከዚያ ወደ ፎቶግራፍ ሊያሻግርዎ ይችላል። እኔ በተለይ የምወደው እርምጃ አንድ ተዋናይ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ቅቡን ሲቀባ የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ የሚያውቁት የሰው ፊት ዓይንዎ እያየ ስለሚለወጥ ከቅቡ ሥር ያለው ሰው አይጠፋብዎትም። በእያንዳንዱ እርምጃ ፍርሃቱ እስኪበርድ ድረስ መቆየት ያስፈልጋል። በአስፈሪ ፊልም ራስዎን «ለማጠንከር» አይሞክሩ፣ ማረጋጊያ ክኒንም ከሰው ተቀብለው አይውሰዱ። ባለቤትዎም መሳቁን ትቶ፣ በመጀመሪያው የገበያ ቀን አብሮዎት ይውጣ።

ልጅዎን በተመለከተ፣ በዚህ ዕድሜ ጭምብል መፍራት የተለመደ ነው፤ ልጆች ግን መፍራት ያለባቸውን ከእናታቸው ፊት ያነባሉ። ጭምብሉን ሲያይ እጁን ጎትተው ከመውጣት ይልቅ በእርጋታ «ይህ ፕላስቲክ ነው፣ ሰው ያጠልቀዋል» ይበሉት፤ ካልፈለገ እንዲነካው አያስገድዱት። በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ሕፃናትን የሚያጫውቱ ክላውኖች እንዳሉም ይወቁ፤ አብዛኞቹ ቀይ አፍንጫ ከማድረግ በቀር ፊታቸውን ብዙ አይቀቡም፣ ከመግባታቸው በፊትም በር ላይ ቆመው ያስፈቅዳሉ። ልጅዎ ወይም እርስዎ ካልፈለጋችሁ ነርሷን «አይግባብን» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።