መልስ፦ ባለ ሁለት ወይስ ባለ ሦስት እርምጃ ካራቢነር?

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥዬ መስታወት ለማጽዳት በራሱ ከሚቆለፈው ካራቢነር (ገመድ የሚያያዝበት፣ በር ያለው የብረት መንጠቆ) በሁለት እርምጃ የሚከፈተው ይበቃኛል ወይ ብለሃል። እኔ ባለ ሦስቱን ግዛ እላለሁ። ባለ ሁለቱን በሩን የሚቆልፈውን ቀለበት ጠምዘዝ አድርጎ በሩን መግፋት ብቻ ነው፤ ገመድ ሲታከከው ሊከፈት ይችላል። ባለ ሦስቱ ግን ቀለበቱን መጀመሪያ ወደ ላይ ትገፋለህ (በአንዳንዱ ወደ ታች ነው)፣ ታዞራለህ፣ ከዚያ በሩን ትከፍታለህ። በአንድ እጅ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ ትለምደዋለህ።

ጎኑ ላይ የተቀረጸውን አንብብ። ለሥራ ኢኤን (የአውሮፓ ደረጃ) 362፣ ለተራራ መውጣት ኢኤን 12275 ነው። ምንም ያልተቀረጸበትን ካራቢነር ግን ዕቃ ለመጎተት ብቻ ተጠቀምበት።

ደግሞ የጣና ዳር አሸዋ! የኔ አንዴ ስፕሪንጉ ውስጥ ገብቶበት ቀለበቱ ግማሽ ላይ ቀረ። ለብ ባለ ውሃ አጥቤ ነው የተመለሰው። በተጠቀምክበት ቁጥር በሩን በጣትህ ገፋ አድርገህ መቆለፉን እይ።