ያልታወቀ ገዳይ በሥነ ልቦና ይታወቃል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ስለ ወንጀለኛ ፕሮፋይል የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ ጠየቃችሁኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ፕሮፋይል ምንድን ነው?

ገዳዩ ሳይታወቅ፣ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታና አኳኋን አይቶ «ዕድሜው ይህን ያህል፣ ሥራው ይህ፣ ኑሮው እንዲህ» ብሎ መገመት ነው። ስም አይሰጥም። በ1888 ቶማስ ቦንድ የተባለ ሐኪም ስለ ለንደኑ ጃክ ዘ ሪፐር ለፖሊስ ጽፎ ነበር። ዝምተኛ፣ ጉዳት የማያደርስ የሚመስል፣ ልብሱ ንጹሕ፣ ጎልማሳ ሰው ነው አለ። ገዳዩ ስላልተያዘ ሐኪሙ ልክ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኤፍቢአይ ደግሞ በ1972 ለዚህ ሥራ ክፍል አቋቋመ። የክፍሉ መርማሪዎች በኋላ 36 ነፍሰ ገዳዮችን እስር ቤት ድረስ ሄደው አነጋገሩ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኒውዮርኩን ቦምብ አጥማጅ አንድ ሐኪም እስከ ኮቱ ቁልፍ ድረስ ገምቶት ተያዘ ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ጆርጅ ሜተስኪ ከ1940 ጀምሮ በሲኒማ ቤቶችና በባቡር ጣቢያዎች ቦምብ ሲያስቀምጥ ኖረ። በ1956 ፖሊስ ጨነቀውና የአእምሮ ሐኪሙን ጄምስ ብራሰልን አማከረ። ሐኪሙ ብዙ ነገር ገመተ። ሰውየው ሲያዝ እንደተባለው ደረቱ ላይ የሚደራረብ ኮት ለብሶ፣ ቆልፎ ወጣ። ይህን ሁሉም ያስታውሳል። ዕድሜው ከ40 እስከ 50 ነው መባሉን ግን ማንም አያነሳም። ሜተስኪ 53 ዓመቱ ነበር።

ያስያዘው ሌላ ነገር ነው። ሜተስኪ በ1931 ሥራ ላይ ተጎድቶ ካሳ የተከለከለ የመብራት ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። አንዲት የኩባንያው ጸሐፊ የድሮ የአቤቱታ ፋይሎችን ስታገላብጥ፣ በማስፈራሪያ ደብዳቤዎቹ ላይ ያሉት ቃላት አንዱ ፋይል ውስጥ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ለብራሰል ግን አንድ ነገር ላመስግነው። ፕሮፋይሉ በጋዜጣ ይውጣ ብሎ የተከራከረው እሱ ነው። ወዲያው ሌላ ጋዜጣ ለቦምብ አጥማጁ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሰውየውም መልስ እየሰጠ ራሱን አጋለጠ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኛ አገር ድሮ ሌባሻይ ነበር። ልጁን መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። የፈረንጆቹ በምን ይሻላል?

አባቴ፣ ይህ ጥያቄዎ ሁለት ቀን አሳስቦኛል። የሚሻለው በአንድ ነገር ነው፤ ሊፈተን ይችላል። ተፈትኖም ውጤቱ ብዙ አያኮራም። እንግሊዝ ውስጥ በ2003 በወጣ ጥናት ለመርማሪዎች አንድ ዓይነት ፕሮፋይል ተሰጣቸው። ለአንዱ ወገን የእውነተኛው ገዳይ ታሪክ፣ ለሌላው የፈጠራ ሰው ታሪክ ተነገረ። ሁለቱ ሰዎች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ከሁለቱም ወገን ብዙዎቹ «ይገጥማል» አሉ። ቃሉ ልል ከሆነ ለማንም ይገጥማል፤ ኮከብ ቆጣሪ «ሆድህ ቶሎ ይባባል፤ ሰው ግን አይረዳህም» እንደሚለው ማለት ነው። በ2007 ደግሞ ካናዳውያን ተመራማሪዎች እስከዚያ የተሠሩትን ሙከራዎች ሰብስበው ሲያዩ፣ ባለሙያ የሚባሉት ከሌላው ሰው ያን ያህል የሚሻል ግምት አልሰጡም።

የሌባሻይ ክፋቱ ደግሞ የወደቀበት ቤት ሰውዬ ምንም ቢል አለመሰማቱ አይደል? እንግሊዝ ውስጥም ይኸው ሆነ። በ1992 ለንደን ዊምብልደን ሜዳ ላይ አንዲት ወጣት እናት በትንሽ ልጇ ፊት ተገደለች። ፖል ብሪተን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፕሮፋይል አወጣ። ፖሊስ «ይህ ይገጥመዋል» ያለውን አንድ ብቸኛ ሰው ያዘ። ስሙን አልጠራም፣ ከበቂ በላይ ተጠርቷል። አንዲት ፖሊስ የፍቅር ጓደኛ መስላ ለወራት ስትጽፍለት ቆየች፤ ሰውየው ግን አልገደልኩም እንዳለ ነው። ከግድያው ጋር የሚያያይዘው አሻራም ሆነ ሌላ ቁሳዊ ማስረጃ የለ። ያም ሆኖ አንድ ዓመት ከወር ታስሮ በ1994 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። እሱ እስር ቤት እያለ እውነተኛው ገዳይ ሮበርት ናፐር ሌላ እናት ከአራት ዓመት ልጇ ጋር ገደለ። ለዊምብልደኑ ግድያ የተፈረደበት በ2008 ነው። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያቺ ሕፃን ትታየኛለች።

ከሌባሻይ ይልቅ አውጫጭኝ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ያየና የሰማ ሰው ይፈለግበታል።

ጥያቄ፦ በ2002 ሜሪላንድ ታክሲ እነዳ ነበር። ቤንዚን ስቀዳ ጎንበስ ብዬ ነበር። ነጭ ቫን ካየሁ ልቤ ትወጣለች። ለምን ተሳሳቱ?

ወንድሜ፣ ያን ጊዜ እዚያ አካባቢ የነበረ ሐበሻ ሁሉ ያስታውሰዋል። በዋሽንግተን ዙሪያ ተደብቀው በሚተኩሱ ገዳዮች በሦስት ሳምንት 10 ሰው ተገደለ። ነጭ ቫን ያሉት የዓይን እማኞች ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ የቀረቡ ባለሙያዎች ደግሞ «ብቸኛ ነጭ ወንድ» አሉ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ እንዲያ ነበሩና። ገዳዮቹ ጆን አለን ሙሐመድና ሊ ቦይድ ማልቮ ሁለት ጥቁሮች ናቸው። መኪናቸው ሰማያዊ ሸቭሮሌት ነበር፤ ፖሊስ ታርጋውን ከአንዴም በላይ አይቶ አሳልፎታል። የተደረሰባቸው ራሳቸው ደውለው፣ ቀደም ሲል አላባማ ውስጥ ስለፈጸሙት ግድያ ሲፎክሩ ነው። እዚያ የተገኘው አሻራ የማልቮ ሆነ። ጥቂት ቀደም ብሎ አትላንታ ውስጥ የተገደለ አንድ ወገናችንም ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ተያይዟል። ነፍስ ይማር።

ጥያቄ፦ እና ጭራሽ አይረባም ነው የምትለው?

አላልኩም። መኖሪያ ቦታን መገመት ላይ የተሻለ ነው። በ1986 የሥነ ልቦና ባለሙያው ዴቪድ ካንተር የለንደኑን የባቡር መንገድ ደፋሪ ጆን ዳፊን የት አካባቢ እንደሚኖር በትክክል ገምቷል። ሰው ክፉ ሥራም ሲሠራ የሚያውቀውን መንገድ አይለቅም። ዳፊ ግን ቀድሞም በተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር፤ ፕሮፋይሉ የጠቀመው ከዝርዝሩ ማን ይቅደም ለሚለው ነው። ከዚያ ያለፈ ሥራ ሲሰጠው ነው የምፈራው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዓመት ሳይኮሎጂ ነኝ። ይህን መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

እህቴ፣ ከስታቲስቲክስ ጀምሪ። ቀጥሎ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅና ትዝታ እንዴት እንደሚሳሳት አንብቢ። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩት የምርመራ አማካሪ ነው የሚባሉት፤ ለእያንዳንዱ ግምታቸው መነሻውን ይጽፋሉ። አንቺም ከአሁኑ ልመጂው። «ይመስለኛል» ባልሽ ቁጥር ከሥሩ «ምክንያቱም» ብለሽ ጻፊ።