የዕብራውያን መልእክት የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛልዎ። በቅዳሴ ጊዜ ከዕብራውያን መልእክት ሲነበብ የጳውሎስ መልእክት ይባላል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «ጳውሎስ እንዳልጻፈው ምሁራን ደርሰውበታል፤ ቤተ ክርስቲያናችሁ ናት የምትደብቃችሁ» አለኝ። ያሳየኝን ጽሑፍ ካነበብሁ ወዲህ ልቤ ተከፍሏል፤ መልእክቱንም ማንበብ ትቻለሁ። ጳውሎስ ካልጻፈው የእግዚአብሔር ቃል ነው ልል እችላለሁን? የተጻፈውስ መቼ ነው?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ «ትደብቃችኋለች» ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉ ያሳዘነኝ እርሱ ነውና። ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ ያነሡት የዘመናችን ምሁራን አይደሉም። የእስክንድርያ መምህራን ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በግልጽ ተነጋግረውበታል፤ የተናገሩትንም አውሳብዮስ ዘቂሣርያ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ መዝግቦ አቆይቶልናል።

ጥያቄው የሚነሣው ከመልእክቱ ከራሱ ነው። ሌሎቹ 13 መልእክታት «ጳውሎስ» ብለው ይጀምራሉ። የዕብራውያን መልእክት ግን ስምም ሰላምታም ሳያስቀድም «ከጥንት ጀምሮ እግዚአብሔር በብዙ ዓይነትና በብዙ ጎዳና» ብሎ በቀጥታ ወደ ትምህርቱ ይገባል። በምዕራፍ 2 ቁጥር 3 ላይ ደግሞ ጸሐፊው የመዳንን ነገር ከጌታ ከሰሙት ሰዎች እንደ ተቀበለ አድርጎ ይናገራል። ጳውሎስ ግን ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ ወንጌልን ከሰው እንዳልተቀበለ፣ ክርስቶስ ራሱ እንደ ገለጠለት አጥብቆ ይናገራል። የግሪክኛውም አጻጻፍ ከሌሎቹ መልእክታት የተለየና የተዋበ ነው። ባልደረባሽ እነዚህን ጠቅሶ ከሆነ የጠቀሰው እውነት ነው፤ አትካጂው።

አባቶች ምን መለሱ? ቀሌምንጦስ ዘእስክንድርያ፣ ጳውሎስ ለዕብራውያን በቋንቋቸው ጻፈ፣ ሉቃስም ወደ ግሪክኛ መለሰው አለ። ስሙን ያልጻፈውም ዕብራውያን ይጠራጠሩት ስለ ነበር ገና ከመጀመሪያው እንዳይሸሹት ነው ብሎ ተረጐመ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው አርጌንስ በሌላ ትምህርቱ ቢወገዝም፣ በዚህ ጉዳይ የተናገረው ግን ሊሰማ የሚገባው ነው። ሰዎች ከእርሱ ቃል የሚጠቅሱት «መልእክቱን ማን እንደ ጻፈው እውነቱን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ይተዉታል። አሳቡ የሐዋርያው ነው፣ ቃሉንና አቀነባበሩን ግን የመምህሩን ትምህርት አስታውሶ የጻፈ ሌላ ሰው ነው ብሎ ነበር። ቀጥሎም መልእክቱን የጳውሎስ ብላ የያዘች ቤተ ክርስቲያን ብትኖር በዚህ ልትመሰገን ይገባታል፣ የቀደሙ ሰዎች የጳውሎስ ብለው ያስተላለፉት ያለ ምክንያት አይደለምና አለ። እንግዲህ ግማሹን ቆርጦ ማሳየት ምን ይባላል?

በምዕራብ ነገሩ ዘግይቷል። በካርታጎ የነበረው ጠርጡልያኖስ በርናባስ ጻፈው ብሏል፤ ሮምም የጳውሎስ ነው ብላ ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዶባታል። በ397 (ዘመናቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የካርታጎ ጉባኤ የቅዱሳት መጻሕፍትን ስም ሲዘረዝር «የጳውሎስ መልእክታት 13፣ የእርሱው ወደ ዕብራውያን 1» ብሎ ለብቻ ቆጠረው። ውይይቱ ያለፈበት መንገድ በአቆጣጠሩ ላይ እንኳን ይታያል። ከዚያ 30 ዓመት ቀድሞ፣ በ367፣ ቅዱስ አትናቴዎስ የፋሲካን በዓል ባወጀበት መልእክቱ የጳውሎስን መልእክታት 14 ብሎ ቆጥሯል። አትናቴዎስ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን አባት ነው። እኛም እስከ ዛሬ 14 ብለን የምንቆጥረው ከዚህ ሐዋርያዊ መንበር የተቀበልነውን ይዘን ነው።

እኔ የማምነውን ልንገርሽ። ትምህርቱ የጳውሎስ ነው፤ ብዕሩን የያዘው እጅ የሌላ ሊሆን ይችላል። ይህም ለሐዋርያት እንግዳ ነገር አይደለም። በሮሜ መልእክት መጨረሻ ላይ «ይህን መልእክት የጻፍሁ እኔ ጤርጥዮስ» የሚል ሰላምታ እናገኛለን፤ ጴጥሮስም በስልዋኖስ እጅ እንደ ጻፈ ይናገራል። የእኛም የአንድምታ ትርጓሜ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ ኖሮ በኋላ በጽሑፍ ሰፈረ፤ የጻፈው ደቀ መዝሙር ነው ተብሎ ከመምህሩ አይነጠቅም። ስለዚህ በቅዳሴ ዲያቆኑ የጳውሎስ መልእክት ብሎ ሲያነብ ሐሰት አልተናገረም። የእግዚአብሔር ቃል መሆኑንም ያወቅነው የጸሐፊውን የእጅ ጽሕፈት መርምረን አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያትን እምነት በውስጡ አግኝታ፣ በጸሎቷ አንብባ፣ በመንፈስ ቅዱስ መሪነት ስለ ተቀበለችው ነው።

ዘመኑን በሚመለከት ሁለት ድንበር አለን። ቀሌምንጦስ ዘሮም ወደ ቆሮንቶስ በላከው መልእክት ከዕብራውያን ምዕራፍ 1 ቃል ይጠቀማል፤ የእርሱ መልእክት በብዙዎች ዘንድ 96 አካባቢ እንደ ተጻፈ ይታመናል። ስለዚህ ዕብራውያን ከዚያ በፊት ነበረ። በሌላ በኩል መልእክቱ ካህናቱ ዕለት ዕለት ቆመው እንደሚሠዉ አድርጎ ይናገራል፤ የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ደግሞ በ70 በሮማውያን ፈርሷል። መሥዋዕት ይቅርባችሁ እያለ የሚያስተምር ሰው ቤተ መቅደሱ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ያን የመሰለ ማስረጃ ዝም ብሎ ያልፈዋልን? ለእኔ ከ70 በፊት መጻፉ ይበልጥ ያሳምነኛል። ይሁንና ቀሌምንጦስ ዘሮምም ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ በኋላ ስለ መሥዋዕት እንዳልተቋረጠ አድርጎ ጽፏልና ይህን ብቻ ይዘሽ አትከራከሪ። ጢሞቴዎስ ከእስር መፈታቱን የሚያበሥረው የምዕራፍ 13 ቃል ግን መልእክቱ ከጳውሎስ ወዳጆች መካከል መውጣቱን ያሳያል።

ንባብሽን ነገ ጀምሪ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 16ን፣ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ ደም ይዞ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባበትን ሥርዓት፣ አስቀድመሽ አንብቢ፤ ከዚያ ዕብራውያን ምዕራፍ 9ን። ያልገባሽን ጽፈሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ይዘሽ ሂጂ።