የሃይድሮሊክ ፍሪሲዮንና የማርሽ አቀያየር፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሞተር ሳይክል ሃይድሮሊክ (በገመድ ፈንታ በዘይት ግፊት የሚሠራ) ፍሪሲዮን የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። የልክ ቁጥሮችን ግን ሁልጊዜ ከራሳችሁ ሞተር ማኑዋል ውሰዱ፤ የአንዱ ሞተር ልክ ለሌላው አይሆንም።

ጥያቄ፦ ገመድ ባለው ሞተር ፍሪሲዮኑ ሲላላ መሪው ላይ ያለውን ማስተካከያ አዞር ነበር። ሃይድሮሊኩ ላይ የቱን ነው የማዞረው?

መልስ፦ ምንም አታዞርም፤ ራሱን ያስተካክላል። ማንሻውን ስትጨብጥ የላይኛው ፓምፕ ዘይቱን ይገፋል፣ ዘይቱ ደግሞ ሞተሩ ጋ ያለውን የታችኛውን ፓምፕ ፒስተን ይገፋል። የፍሪሲዮኑ ሸራ (እርስ በርስ ተጫጭኖ ጉልበት የሚያስተላልፈው ዲስክ) እያለቀ ሲሳሳ ይህ ፒስተን ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተረፈው ዘይትም በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ በኩል መሪው ላይ ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ ይወጣል። ስለዚህ እንደ ፍሬን አይደለም። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ዘይቱ ይወርዳል፣ የፍሪሲዮን ሸራ ሲያልቅ ግን ዘይቱ ከፍ ይላል። ማጠራቀሚያውን እስከ አፉ አትሙላው፤ ከላይኛው ምልክት አይለፍ።

ማንሻው ላይ ያለው ቁጥር ያለበት መዞሪያ ማንሻውን ከጣትህ ለማራቅ ወይም ለማቅረብ ብቻ ነው። አንዳንድ ሞተር ላይ የላይኛውን ፒስተን የሚገፋ ሌላ ማስተካከያ አለ፤ እሱን ስትነካ ተጠንቀቅ። ማንሻው ፒስተኑን መግፋት ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሚሊሜትር ባዶ ጉዞ ሊኖረው ይገባል። ባዶ ጉዞው ከጠፋ ፒስተኑ ቀዳዳዋን እንደደፈነ ይቀራል፤ ዘይቱ ሲሞቅና ሲያብጥ መውጫ አጥቶ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይከፍተዋል። ጠዋት ደህና የነበረ ሞተር ከሞቀ በኋላ የሚያንሸራትት ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ተመልከት።

ጥያቄ፦ ማንሻው እንደ ስፖንጅ ይላላል፣ ሦስት አራቴ ስጨብጠው ይጠነክራል።

መልስ፦ አየር ገብቶበታል። ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ የእጅህ ጉልበት አየሩን በመጭመቅ ያልቃል።

ማጠራቀሚያው አግድም እንዲሆን መሪውን አዙር። ታንከሩን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍን፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ከነካውም ወዲያው በብዙ ውሃ እጠበው። የክዳኑ ብሎኖች ጭንቅላት በቀላሉ ስለሚላሽ ልኩ የሆነ ካቻቪቴ አጥብቀህ ተጭነህ ፍታ። የታችኛው ፓምፕ ላይ ባለችው የአየር ማስወጫ (አብዛኛውን ጊዜ 8 ቁልፍ ነው የምትወስደው) ግልጽ ቱቦ ግጠም፤ ሌላውን ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከረው።

በዝግታ ሦስት አራቴ ጨብጥና ይዘህ ቆይ። ማስወጫዋን ሩብ ዙር ክፈት። ማንሻው መሪውን ሲነካ ዝጋት፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ማንሻውን ልቀቅ። ሳትዘጋ ከለቀቅህ አየሩ ተመልሶ ይገባል። በቱቦው መጀመሪያ የጠቆረ ዘይት ከትልልቅ አረፋ ጋር፣ ቀጥሎ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል አረፋ፣ በመጨረሻም የጠራ ዘይት ይመጣል። በየአምስት ስድስት ጊዜው ማጠራቀሚያውን እየው፤ ከታችኛው ምልክት ካለፈ አየር ይስብና ሥራህ ከዜሮ ይጀምራል።

አሁንም ከላላ አየሩ ከላይ፣ ቱቦው ፓምፑ ላይ ከሚታሰርበት ቡሎን ጋ ተደብቋል። ማንሻውን አንድ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ አድርገው፤ ከቀጭኗ ቀዳዳ ጥቃቅን አረፋ ሲወጣ ታያለህ። እኔ የምመርጠው ግን በስሪንጅ ከታች ወደ ላይ ዘይት መግፋትን ነው። አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ስለሚሄድ በጣም ይቀላል፤ ማጠራቀሚያው እንዳይሞላና እንዳይፈስ ብቻ ከላይ እየቀነስህ።

ጥያቄ፦ የትኛውን ዘይት ልጨምር?

መልስ፦ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን። ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ዓይነት ነው) ካለ ዶት 4፤ የማዕድን ዘይት ካለ እሱን ብቻ። ሁለቱ ከተደባለቁ ጎሚኒዎቹ ያብጡና ፓምፑ ይበላሻል። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ በዶት 4 ቦታ አይገባም። ዶት 4 እርጥበት ስለሚስብ በ2 ዓመት አንዴ መቀየር አለበት።

ጥያቄ፦ ሙሉ ጨብጬም 1ኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ወደፊት ይገፋል፤ ቆሜ ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ማግኘትም አቅቶኛል።

መልስ፦ ፍሪሲዮንሽ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው፣ እህቴ። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ትንሽ መግፋት ያለ ነው፤ ወፍራሙ ዘይት ሸራዎቹን ያጣብቃል። ማርሽ ከማስገባትሽ በፊት ጥቂት ሰከንድ ጨብጠሽ ቆዪ። ሞቆም ከቀጠለ አየሩን አስወጪ፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ እንደሆነም አረጋግጪ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የብረት ዲስኮቹ ጠመው ወይም ሸራዎቹ የሚሄዱበት ቅርጫት በጥርሶቻቸው ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ዲስኩን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጠሽ ክፍተቱን በስፔሰር (ልካቸው የታወቀ ስስ የብረት ምላጮች) መለካት ይቻላል። እስኪሠራ ድረስ ፎሌን ሳትቆሚ፣ ሞተሩ ገና ቀስ እያለ ሳለ ከ2ኛ ፈልጊው።

ጥያቄ፦ በትልቅ ማርሽ ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም።

መልስ፦ ያንሸራትታል። ባዶ ጉዞው ደህና ከሆነ የሞተር ዘይቱን እይ፤ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 (JASO MA፣ MA2፤ የሞተር ሳይክል ዘይት ደረጃ) ተጽፎ መገኘት አለበት። አንዳንድ የመኪና ዘይት ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስላለበት ሸራው አይነክስም። ዘይቱ ትክክል ከሆነ የሸራውን ውፍረትና የሞላዎቹን ቁመት ለካ።

ጥያቄ፦ ከ3ኛ ወደ 4ኛ ስቀይር አንዳንዴ ሳይገባ መሃል ላይ ይቀራል።

መልስ፦ ከመቀየርህ በፊት የጫማህን አፍንጫ ከመርገጫው ሥር አስገብተህ ቀለል አድርገህ ደግፈው። ነዳጁን መልቀቅና ፍሪሲዮኑን መጨበጥ እኩል ይሁኑ፤ ማንሻውን እስከ መሪው መሳብ አያስፈልግም፣ እስኪለቅ ብቻ። ወዲያው መርገጫውን እስኪቆም ድረስ በጥንካሬ አንሳውና ፍሪሲዮኑን እስክትለቅ ያዘው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እግራቸውን ቶሎ በማንሳት ነው። በግማሽ የገባ ማርሽ ጥርሱ ይደበድባል፣ ማዕዘኑ ይዶለዱማል፤ ከዚያ በኋላ ማርሹ ራሱ እየዘለለ ይወጣል፣ ለመጠገንም ሞተሩ መከፈት አለበት። መርገጫው ለጫማህ ዝቅ ካለ ማያያዣ ዘንጉን አስተካክል፤ ከሁለቱ ዳዶዎች አንዱ ብዙ ጊዜ የግራ ጥርስ ስለሆነ በተቃራኒው ነው የሚፈታው።

ጥያቄ፦ ወደ ታች ስቀንስ የኋላ ጎማ ይቆለፋል።

መልስ፦ ለታችኛው ማርሽ ሞተሩ ቶሎ መዞር አለበት። ጨብጠህ ነዳጅ አንዴ ነካ አድርግ፣ መርገጫውን ተጫን፣ ፍሪሲዮኑን ሳታፈነዳ ልቀቅ። አንድ በአንድ ቀንስ።

ጥያቄ፦ ከፊት ፒኞን (ካቴናውን የሚያዞረው ባለጥርስ) ሽፋን ሥር ዘይት ይንጠባጠባል።

መልስ፦ የታችኛው ፓምፕ ጎሚኒ ሊሆን ይችላል። ጠብታውን ውሃ ላይ ጣል፦ ዶት 4 ከውሃው ይቀላቀላል፣ የሞተር ዘይት ይንሳፈፋል። ፓምፑን ስትፈታ ማንሻውን እንዳትጨብጥ፣ ፒስተኑ ይወጣል። በካቴናው የተረጨ ጭቃ ፒስተኑን ቧጭሮት እንደሆነም በጥፍርህ ዳስሰው፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ጎሚኒ ብቻ አያድነውም።